ከኡሳምባራ ተራራ እስከ እናቴ መስኮት

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ በሉ። ርዕሱ የቤት ውስጥ አበባ ነው። «የታሪክ መምህርን ከአበባ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ካሳደገችበት የቀበሌ ቤት ወጥታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገባች። የዕቃ መኪናው ሲመጣ አስቀድማ ያስጫነችው ቁም ሳጥኑን አይደለም፣ ቴሌቪዥኑንም አይደለም። በአራት የዱቄት ወተት ጣሳ የተከለቻቸውን ቀያይ አበቦቿን ነው፤ ብዙዎቻችን ጄራኒየም የምንላቸውን። ሾፌሩ «እማማ፣ አበባው መጨረሻ ላይ ይጫናል» ቢላት አልሰማችውም። እኔ ደግሞ ደስ ይበላት ብዬ፣ በአዲሱ ቤት ጣሳ አያምርም ብዬ፣ አራት የሚያብረቀርቁ ነጭ የሴራሚክ መትከያዎች ገዝቼ መጣሁ። አበቦቹን አዛወርናቸው። ቤቱ አማረበት።

ክረምቱ ሳያልቅ ሦስቱ ሞቱ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ግንዱ ከሥሩ ጠቆረና ለሰለሰ። እናቴ «እጄ ነው፤ እዚህ ቤት እጄ አልቀና አለ» አለችኝ። ቀልድ አድርጌ ላልፈው ፈልጌ ነበር፣ ግን አልሆነልኝም። በአበባው አስታካ ስለ ራሷ እየነገረችኝ መሰለኝ።

ባዮሎጂ የምታስተምር ባልደረባዬ ታሪኩን ስትሰማ በማግስቱ አንድ ቅጠል በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ። የአፍሪካን ቫዮሌት ቅጠል ነው። «ከዚህ ቅጠል አበባ ይወጣል። ግን ከመትከልህ በፊት አገሯን እወቅ» አለችኝ። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ የዕፅዋት ሊቅ አይደለሁም። «አገሯን እወቅ» ማለት ግን የኔ የሥራ ዘርፍ ነው። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የእናቴ ቀይ አበባ

ጄራኒየም የምንላት አበባ ትክክለኛ ስሟ ፔላርጎኒየም ነው። ዘር ማንዘሯ በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ አካባቢ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ህንድ የሚጓዙ የአውሮፓ መርከቦች ለውሃና ለስንቅ ኬፕ ላይ ይቆሙ ነበር። ሲመለሱ ከቅመሙ ጋር ሥርና ዘርም ይዘው ይመለሳሉ። በ1631 ጆን ትራዴስካንት የሚባል እንግሊዛዊ አትክልተኛ ፓሪስ ላይ ከዚህ ወገን አንዷን ገዝቶ አገሩ አስገባ። ደች ኬፕ ላይ ሰፈራ የመሠረተው በ1652 ነው። አስቡት እንግዲህ፤ አበባዋ ከሰፋሪው ቀድማ በሌላ አቅጣጫ ተሰዳለች።

ስሟም ላይ ግርግር አለ። ሊኔየስ የተባለው ታላቁ ስም አውጪ በ1753 መጽሐፉ ከጄራኒየም ጋር ደባልቆ መዘገባት። በ1789 ሌሪቲየ የተባለ ፈረንሳዊ ለይቶ ፔላርጎኒየም አላት። ሕዝቡ ግን የለመደውን አልተወም። ይኸው ከ230 ዓመት በኋላም ጄራኒየም እንላታለን።

ለእኔ ዋናው ትምህርት ግን የትውልድ ቦታዋ ነው። ከኬፕ የመጣ ተክል ጠንካራ ፀሐይ፣ ነፋስና ደረቅ ወራት የለመደ ነው። ግንዱ ወፍራም የሆነው ውሃ ለማከማቸት ነው። እንዲህ ያለ ተክል ጥላ ውስጥ ተቀምጦ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ይበሰብሳል። የእናቴ ደጃፍ ፀሐይ ነበረው። የእናቴ ጣሳም ሌላ ነገር ነበረው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በመንገዳችን ላይ አንድ ስህተት እናርም

ነጭ፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለች፣ መሐሏ ቢጫ ምላስ ያላት አበባ ታውቃላችሁ? በየግቢው አለች፤ የሙሽራ እቅፍ ውስጥም አትጠፋም። ካላ ሊሊ ይሏታል። የሳይንስ ስሟ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል አለበት። በዚህ ምክንያት «የኢትዮጵያ አበባ ናት፣ ነጮች ሰረቁን» የሚሉ ጽሑፎች ሲዘዋወሩ አይቻለሁ።

ወገኖቼ፣ አይደለችም። እሷም የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት። ሊኔየስ በ1753 «ኤቲዮፒካ» ሲላት በዘመኑ አነጋገር ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በጅምላ መጥራቱ ነው። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉም እንደዚሁ ሰፊ ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይህንን ነው፤ በድሮ ጽሑፍ ላይ ስማችንን ስላያችሁ ብቻ «የኛ ነው» አትበሉ፣ ቃሉ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ጠይቁ። የኛ የሆነውንማ እያለን አናየውም። ሴቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት እንሶስላ የደጋችን ተክል ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ በየመስኮቱ ከሚተከሉት የኢምፔሸንስ አበቦች ጋር የአንድ ወገን ልጅ ነው።

አበባ ባሕር የተሻገረው በመስታወት ነው

አንድ ጥያቄ ነበረብኝ። ዘርስ ይሁን፤ ለምለም ተክል ግን ለወራት መርከብ ላይ እንዴት ሳይሞት ደረሰ? መልሱ ብዙ ጊዜ «አልደረሰም» ነው። ጨዋማው ነፋስና የመጠጥ ውሃ እጥረት አብዛኛውን ይገድሉት ነበር።

ይህን የለወጠው ናትናኤል ባግሾ ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነው። የለንደን አየር በዚያ ዘመን የከሰል ጭስ ነበር፤ ዋርድ የሚወዳቸው ፈርኖች አልጸድቅ ብለውታል። በ1829 ገደማ የእሳት ራት ሙሽሬ እንዴት ወደ ራት እንደሚለወጥ ለማየት እርጥብ አፈር ያለበት የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠ። ራቱን ሲጠብቅ ከአፈሩ ላይ ፈርንና ሣር በቀሉ። ውሃው ተንኖ መስታወቱን ይመታል፣ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ማንም ሳያጠጣው ተክሉ ለዓመታት ኖረ።

በ1833 ዋርድ እንዲህ ያሉ ሁለት የመስታወት ሳጥኖች ተክል ሞልቶ ወደ ሲድኒ ላከ። ከወራት ጉዞ በኋላ በሕይወት ደረሱ። ሳጥኖቹ በአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሞልተው ሲመለሱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሳጥን ያልተጓዘ የለም። የቻይና ሻይ ወደ ህንድ፣ የብራዚል ጎማ ችግኝ ወደ ሲሎን የሄዱት በዚሁ ነው። እኛስ ብንሆን «ባሕር ዛፍ» የምንለው ከባሕር ማዶ ስለመጣ አይደል? እና የሳሎን አበባ ታሪክ የዋህ ታሪክ ብቻ አይደለም። አበባውን ያመላለሰው ሳጥን የቅኝ ግዛት እርሻን ያስፋፋውም ሳጥን ነው።

የኡሳምባራ ተራራ

አሁን ወደ ባልደረባዬ ቅጠል እንምጣ። ታንዛኒያ፣ ከታንጋ ወደብ ወደ ውስጥ ስትገቡ የኡሳምባራ ተራሮች አሉ። የሻምባ ሕዝብ አገር ነው። ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ደመና ተራራውን ያርሰዋል፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ድንጋዩ ሽበት ያበቀለ ነው። በዚያ ጥላ ውስጥ፣ በወንዝ ዳር ባለ ዐለት ስንጥቅ፣ በእፍኝ በማትሞላ አፈር ላይ ጠጉራም ቅጠል ያላት ሐምራዊ አበባ ትበቅላለች።

ዘመኑን ላስታውሳችሁ። ከበርሊን ጉባኤ በኋላ ጀርመን ይህን አገር የኔ ነው አለች። በ1888 የፓንጋኒና የአካባቢው የባሕር ዳርቻ ሕዝብ በአቡሺሪ መሪነት ተነሣ፤ በ1889 መጨረሻ አቡሺሪ ፓንጋኒ ላይ ተሰቀለ። በ1891 የጀርመን መንግሥት አገሩን ከኩባንያው ተረክቦ በቀጥታ መግዛት ጀመረ። በኛ በኩል ያ ጊዜ ክፉ ቀን ነው። ከብቶቻችንን የፈጀው የከብት ወረርሽኝ ወደ ደቡብ ወርዶ የእነሱንም ከብት ፈጅቷል። አድዋ ሊሆን ገና አራትና አምስት ዓመት ይቀረዋል።

በዚህ መሐል የአካባቢው የጀርመን ሹም የነበረው ባሮን ቫልተር ፎን ሴንት ፖል ይህችን አበባ አይቶ አባቱ ዘንድ ጀርመን ላከ። አባቱ አበባ ወዳድ ስለነበር የሄረንሃውዘን ንጉሣዊ የአትክልት ሥፍራ ኃላፊ ለነበረው ለኸርማን ዌንድላንድ ሰጠው። ዌንድላንድ በ1893 ስም አወጣላት፦ ሴንትፖሊያ አዮናንታ። «የሴንት ፖሎች፣ ቫዮሌት መሳይ አበባ ያላት» እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ቫዮሌት አይደለችም፤ በመልክ ብቻ ነው የምትመስላት።

ባሮኑ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1884 እና በ1887 ሁለት ብሪታንያውያን የዚህችኑ ተክል ናሙና ለንደን ወዳለው ኪው ልከው ነበር። የደረሰው ናሙና ግን ስም ለማውጣት የሚበቃ ስላልነበረ መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሻምባ ሰዎች አሉ፤ እንጨት ሲለቅሙ፣ ውሃ ሲቀዱ ባጠገቧ ያለፉ ሰዎች። በስሟ ላይ የቀረው ግን የባሮኑ ቤተሰብ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ አገኘ ማለት መጽሐፍ ላይ ጻፈ ማለት ነው?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ዓመት አልተጠየቅሁም።

(በ2015 ተመራማሪዎች ዝምድናዋን አጥንተው ስትሬፕቶካርፐስ ወደሚባለው ወገን አዛወሯት። ስለዚህ የባሮኑ ስም ዛሬ ከፊት ወርዷል። ጀርመኖች ግን ድሮም እስካሁንም «የኡሳምባራ ቫዮሌት» ነው የሚሏት። በዚህስ አልቀማቸውም።)

ከኤርፉርት እስከ ሎስ አንጀለስ

ኤርፉርት ከተማ የነበረው የኤርንስት ቤናሪ የዘር ንግድ ቤት አባዝቶ ለገበያ አቀረባት። በ1926 አካባቢ በሎስ አንጀለስ አርማኮስትና ሮይስተን የሚባሉ አትክልተኞች ከጀርመንና ከእንግሊዝ ዘር አስመጥተው ዘሩ። ከሺህ ገደማ ችግኞች ውስጥ አሥሩን ብቻ መርጠው አስቀሩ። ለረጅም ጊዜ የገበያው መሠረት የሆኑት እነዚያ አሥሩ ናቸው። በ1946 አሜሪካ ውስጥ ለዚህች ለአንዲት አበባ ብቻ የተቋቋመ ማኅበር ተመሠረተ።

ለምን ይህን ያህል ተወደደች? ምክንያቱ ቀላል ነው። የምትወደው ሙቀት ሰው ከሚወደው ጋር አንድ ነው፤ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ። የጫካ ጥላ ስለለመደች ቀጥታ ፀሐይ አትፈልግም፤ መስኮት ይበቃታል፣ በአምፖል ብርሃንም ታብባለች። ብዙ አበባ በዓመት አንድ ወቅት አብቦ ይተኛል፤ እሷ ከተመቻት ዓመቱን ሙሉ ታብባለች። ግቢ ለሌለው የከተማ ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ?

ተራራውስ? ጀርመኖች ኡሳምባራ ላይ ጫካ እየመነጠሩ ቡና ተከሉ፤ ቆላው ላይ ደግሞ በ1893 የገባው የቃጫ ተክል ተንሰራፋ። አበባዋ ስም ባገኘችበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። በኋላም ሻይ፣ ጣውላና የሕዝብ ብዛት ተጨመሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየሱፐርማርኬቱ የምትሸጠው አበባ፣ የጫካ ዘመዶቿ በታንዛኒያና በኬንያ ጥቂት ቦታዎች ብቻ የቀሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለመጥፋት ተቃርበዋል። ድንጋዩ ላይ ጥላ የሚጥልላት ዛፍ ሲቆረጥ ማንም ሳይነቅላት ትሞታለች።

ይህ ሁሉ ለመስኮታችን ምን ይጠቅማል?

እኔ እንደገባኝ፣ አበባ መንከባከብ ማለት የትውልድ ቦታውን በትንሹ መልሶ መሥራት ነው። በተግባር የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

1. ከአበባው በፊት መስኮቱን ምረጡ። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት ለአፍሪካን ቫዮሌት ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ለጄራኒየም ነው። ከውጭ መጽሐፍ «የደቡብ መስኮት» የሚለውን እንዳለ አትቅዱ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያደላል፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በበጋ ጥላ የነበረ መስኮት በክረምት ብራ ሲሆን ፀሐይ ሊገባበት ይችላል። እየተከታተላችሁ አንሱ፣ አስቀምጡ።

2. ስትገዙ ሙሉ በሙሉ የፈነዳውን ሳይሆን እምቡጥ የበዛበትን ውሰዱ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ፤ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ወይም የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ካለ ተዉት። መሐሉ የለሰለሰም አይገዛም።

3. አፍሪካን ቫዮሌትን ከላይ አታጠጧት። የጠዋት የቧንቧ ውሃ ጠጉራም ቅጠሏ ላይ ሲፈስ ቅዝቃዜው ነጣ ያለ ጠባሳ ይተዋል። ውሃውን ቤት ውስጥ አሳድሩት፤ መትከያውን ሳህን ላይ አድርጋችሁ ውሃውን ሳህኑ ላይ ጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። አፈሩ ከላይ ደረቅ ሳይል ደግማችሁ አታጠጡ።

4. ትልቅ መትከያ ክብር አይደለም። ከዐለት ስንጥቅ የመጣች ናት፤ የቅጠሏን ስፋት አንድ ሦስተኛ የሚያህል መትከያ ይበቃታል። በትልቁ ውስጥ አፈሩ ውሃ ይዞ ሥሯን ያበሰብሳል። አፈሩም ለቀቅ ያለ ይሁን።

5. የህዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮቱ ራቅ አድርጓት።

6. ለማባዛት አንድ ጤነኛ ቅጠል ከነእግሩ ቁረጡ፤ እግሩ ሦስት አራት ሴንቲ ይሁን። እርጥብ፣ ለቀቅ ያለ አፈር ላይ ሰካ አድርጉት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ከሥሩ ትናንሽ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። ለማበብ ግን ገና ወራት ይቀራል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ጄራኒየም ከሆነ ከግንዱ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጣችሁ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁትና ትከሉት።

ወደ እናቴ ልመለስ

ስለ መትከያ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የገዛሁላትን የሚያምር ሴራሚክ አንስቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ አንድም ቀዳዳ የለውም። ክረምቱን ሙሉ ያጠጣነው ውሃ መውጫ አልነበረውም ማለት ነው። አበቦቹን የገደለው የእናቴ እጅ አይደለም፤ የኔ ስጦታ ነው።

ሄጄ ነገርኳት። «እማዬ፣ እጅሽ አይደለም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፤ ዕቃው ቀዳዳ የለውም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አውቃለሁ እኮ። ጣሳውን በምስማር የምበሳው ለምን ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ለምን አልበሳሽውም?»

«አንተ ልጅ፣ ስጦታ ይበሳል እንዴ?»

ምን ልበላችሁ። የኡሳምባራን ታሪክ ፍለጋ ስባዝን፣ እውቀቱ ቤታችን ውስጥ በምስማር ተጽፎ ነበር። ተማሪዬ የጠየቀኝም ይኸው ነበር። መጽሐፍ ላይ ስላልተጻፈ አላየሁትም።

አራተኛዋ አበባ ገና ነፍስ ነበራት። ጤነኛውን ቁራጭ ወስደን፣ አድርቀን፣ በአሮጌ ጣሳ ተከልነው፤ ምስማሩን እሷ ያዘች፣ መዶሻውን እኔ። አሁን በረንዳው ላይ ናት፤ ከትንሣኤ በፊት ሁለት ራስ ቀይ አበባ አውጥታለች። የባልደረባዬ ቅጠል ደግሞ አምስት ትናንሽ ልጆች አበቀለች። አንዷን ለባልደረባዬ መለስኩ፣ አንዷ የመምህራን ማረፊያ ክፍል መስኮት ላይ ናት፣ ሦስቱ እናቴ ጋ ናቸው። ነጮቹን ሴራሚኮችም አልጣልናቸውም። ሦስቱን ሠራተኛ በድሪል በሳልን። አራተኛውን እናቴ «ይህንንስ አይነካም» ብላ ማንኪያ ታስቀምጥበታለች።

እናንተስ? በእናታችሁ ደጃፍ ላይ የነበረችው አበባ የትኛዋ ናት? የተተከለችውስ በምን ላይ ነበር፣ በጣሳ፣ በባልዲ፣ በተቆረጠ ጀሪካን? ጻፉልኝ። እናት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ደውሉና ጠይቋት፤ ሳትነግራችሁ የቀረ ነገር አይጠፋም።